የበርበሬ ችግኝ በራሱ ሰውነት ውስጥ የሚፈጠረው መርዝ

በቡታጅራና በማረቆ ዙሪያ የበርበሬ ችግኝ ከመደብ ወደ ማሳ ሲዛወር፣ ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች ደጋግሞ የሚቀርብ አንድ አቤቱታ አለ። በመደቡ ላይ ለምለም የነበረው ችግኝ በተዛወረ በሦስተኛው ቀን ይጠወልጋል፤ ሳምንት ሲሞላው የቅጠሉ ጠርዝ ይደርቃል፤ ከፊሉም ይሞታል። ሥሩ ሲታይ አልበሰበሰም፣ ቅጠሉ ሲገለበጥ ተባይ የለበትም። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «መድኃኒት ይረጭ» የሚል ነው። ገንዘቡ ከማኅበሩ ካዝና ይወጣል፤ ችግኙ ግን አይመለስም። በሞተው ፋንታ የሚተከለውም ዘግይቶ ስለሚያፈራ፣ የማረቆ ፋናን ዋጋ የሚያወጣው ጥቁር ቀይ ቀለም በወቅቱ አይደርስለትም።

የችግሩ መነሻ የውኃ እጥረት ነው፤ ሥሩ የተቆረጠ ችግኝ ቅጠሉ የሚፈልገውን ያህል ውኃ መሳብ አይችልም። እጥረቱን ወደ ጉዳት ከሚለውጡት ነገሮች አንዱ ግን ተክሉ ራሱ የሚፈጥረው ንጥረ ነገር ስለሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ በእርሱ ላይ እናተኩራለን።

ማናቸውም ተክል ጉልበት የሚያገኘው ስኳርን ደረጃ በደረጃ በመሰባበር ነው። በዚህ ሥራ መካከል ሦስት ካርቦን ካላቸው ውህዶች ጥቂቱ ከመስመር ያፈተልክና፣ ያለ ኢንዛይም እገዛ፣ ሜቲልግላዮክሳል ወደተባለ ንጥረ ነገር ይለወጣል። ተክሉ ፈልጎ የሚያመርተው አይደለም፤ እንጨት ሲነድ ጭስ እንደማይቀር ሁሉ ይህም አይቀርም።

ለገበሬው ለማስረዳት የጉራጌን ጎጆ ምሳሌ ማድረግ ይቀላል። በቤቱ መካከል የሚነደው እሳት ጭሱ በክዳኑ ሣር ውስጥ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ሲወጣም ሣሩን ያደርቀዋል፣ ከተባይም ይጠብቀዋል። እርጥብ እንጨት ተማግዶ ጭሱ ከመውጫው አቅም በላይ ሲሆን ግን ቤተሰቡን ከቤት ያስወጣል። ሜቲልግላዮክሳልም በትንሹ ሲሆን ለተክሉ የማስጠንቀቂያ ምልክት ነው፤ የቅጠል ቀዳዳዎች እንዲዘጉና ውኃ እንዲቆጠብ ያደርጋል። ሲበዛ ከፕሮቲኖችና ከዲኤንኤ ጋር ይጣበቃል። የዳቦ ቅርፊት በምጣድ ላይ የሚጠቁርበት ሂደት የዚሁ ዘመድ ነው፤ ቡና ሲቆላም ይኸው ንጥረ ነገር ይፈጠራል። በዳቦና በቡና ላይ ማንም አይጠላውም። በሕያው ሥር ውስጥ ግን ኢንዛይሞችን ከሥራ ያግዳል፤ የሥሩም ዕድገት ይገታል።

ተክሉ የጭስ መውጫም አለው። ግሉታታዮን የተባለ ውህድ ሜቲልግላዮክሳሉን ይይዘዋል፤ ከዚያም ግላዮክሳሌዝ አንድና ሁለት የተባሉ ኢንዛይሞች ተራ በተራ ሠርተው ጉዳቱ ወደቀለለ ላክቴት ይለውጡታል። ግሉታታዮኑ ለሌላ ዙር ነጻ ይወጣል። ይህ የኢንዛይም ሥራ የታወቀው በ1913 እ.ኤ.አ. ቢሆንም ለሰብል ያለው ትርጉም የታየው ዘግይቶ ነው። የሕንድ ተመራማሪዎች በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ሩዝና ትምባሆን ጨምሮ በተለያዩ ተክሎች ላይ ድርቅ፣ ጨውና ብርድ ሲደርስ የሜቲልግላዮክሳል መጠን ከ2 እስከ 6 እጥፍ ማደጉን አሳይተዋል። ቀደም ሲል በ2003 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሁለቱን ኢንዛይሞች አብዝቶ እንዲያመርት የተደረገ ትምባሆ ጨው በበዛበት ሁኔታ አድጎ ዘር ሰጥቷል። ትምባሆ የበርበሬ ቤተሰብ ስለሆነ ውጤቱ ለእኛ ሩቅ አይደለም።

እንዲህ ያለ ዝርያ በገበሬያችን እጅ የለም። ያለው አማራጭ ጭሱ እንዳይበዛ ማድረግና ችግኙ መውጫውን አስቀድሞ እንዲያሰፋ መርዳት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ችግኝን ማጠንከር ነው። ከመዛወሩ በፊት ባሉት ከ7 እስከ 10 ቀናት የመደቡ ጥላ በየቀኑ በጥቂቱ ይሳሳ፤ የውኃ ማጠጫውም ጊዜ ይራቅ። መጠነኛ ችግር የቀመሰ ችግኝ መከላከያዎቹን ስለሚያጠናክር፣ በማሳ ላይ ትልቁ ችግር ሲመጣ ባዶ እጁን አይገኝም። ጥላውን በአንድ ጠዋት ገፎ ማንሳትና ውኃውን በአንድ ጊዜ መቁረጥ ግን ማጠንከር አይደለም፤ በመደቡ ላይ መግደል ነው። የጉራጌ ገበሬ እንሰትን ከቦታ ቦታ ደጋግሞ እያዛወረ የሚያሳድግ በመሆኑ፣ ተክልን በደረጃ ማለማመድ ለእርሱ አዲስ ትምህርት አይሆንም። በመንቀያው ዋዜማ ማታ መደቡ በደንብ ይጠጣ፤ ተከላውም ፀሐይ ሲበርድ ወይም ሰማዩ ሲደምን ይከናወን።

ስለ ማዳበሪያ ሁለት ነገር እናነሣለን። ዩሪያም ሆነ ሌላ ማዳበሪያ ሥሩን ነክቶ ሲጣል እንደ ጨው ሆኖ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ከችግኙ አራት ጣት ያህል ርቆ በአፈር ይሸፈን። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የማይነሣው ነው። ግሉታታዮን ያለ ድኝ (ሰልፈር) አይሠራም። በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው የአፈር መረጃ ጥናት ድኝ በአገራችን በብዙ ቦታ መጉደሉን አሳይቷል፤ ዳፕ በኤንፒኤስ የተተካበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። በዳፕ ውስጥ ድኝ የለም፤ 100 ኪሎ ኤንፒኤስ ግን 7 ኪሎ ድኝ ይይዛል። ዩሪያ ብቻ የሚገዛ ማኅበር ቅጠሉን ያለመልማል፤ የመከላከያውን ጥሬ ዕቃ ግን አያቀርብም።

በወልቂጤ ዙሪያ ጥቁር አፈር ባለባቸው ማሳዎች አደጋው ከድርቅ ይልቅ ውኃ መተኛቱ ነው። አየር ያጣ ሥር ስኳሩን በጥድፊያ ይሰባብራል፤ ጭሱም በዚያው ልክ ይበዛል። በዚህ ቦታ ከፍ ያለ ቦይ ማውጣትና የውኃ መፍሰሻ መቅደድ ይቀድማል። የግንዱ ሥረኛ ጠቁሮ ከተገኘ ግን ነገሩ የሥር በሽታ ነውና እዚህ ከተባለው ጋር መቀላቀል የለበትም።

በቤተ ሙከራ ጥቂት ሜቲልግላዮክሳል የተሰጣቸው ተክሎች ችግርን ሲቋቋሙ ታይቷል። ይህን ሰምቶ «ለምን አንረጨውም?» የሚል አይጠፋም። በሚጠቅመውና በሚገድለው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ስለሆነ ለገበሬ ማሳ አንመክረውም።

ምክሩን ለአባላቱ ማሳየት የሚፈልግ ማኅበር አንዱን መደብ ለሁለት ይክፈል። ግማሹ ከላይ እንደተባለው ይጠንክር፤ ግማሹ እንደ ልማዱ ይተው። ከሁለቱም 100፣ 100 ችግኝ በአንድ ቀን በአንድ ማሳ ጎን ለጎን ይተከል። በ15ኛው ቀን የቆሙት በአባላቱ ፊት ይቆጠሩ፤ ከየወገኑም ሦስት ሦስት ችግኝ ተነቅሎ አዲስ ያወጣው ነጭ ሥር ይነጻጸር።