ያልተከፈተው ፕሮግራም ምን እየጠበቀ ነው?

ፕሮግራሙን ደብል ክሊክ አደረጉት። የማውሱ ምልክት ለአፍታ ዞረ፤ ከዚያ በኋላ ግን መስኮት አልተከፈተም፣ የስሕተት መልእክትም አልመጣም። ታስክ ማናጀርን ሲከፍቱ የፕሮግራሙ ስም ዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ የፕሮሰሰር ድርሻው ግን 0% ነው። እንዲህ ስታክ ላደረገ ፕሮግራም በአገራችን ፈጥኖ የሚታዘዘው መድኃኒት ይታወቃል፦ አጥፍቶ እንደገና መጫን፣ ካልሆነም ኮምፒውተሩን ፎርማት ማድረግ። ወደዚያ ከመሄድ በፊት ግን ያቺን 0% ልብ ማለት ይገባል። መውጫ በሌለው ስሌት ውስጥ የሚሽከረከር ፕሮግራም ፕሮሰሰሩን ያስጨንቃል፤ የሞተ ደግሞ ከዝርዝሩ ይጠፋል። ሳይሞትም ሳይሠራም የተቀመጠ ፕሮግራም አንድ ነገር እየጠበቀ ነው። የሚጠብቀው ዲስክ ወይም ኔትወርክ ሊሆን ይችላል። እኔ እዚህ ላይ የማነሣው ብዙዎች ፈጽሞ የማይጠረጥሩትን ነው፦ ዲበገርን።

ዲበገር ፕሮግራመሮች የሌላ ፕሮግራም ሆድ ዕቃ ለማየት የሚጠቀሙበት መሣሪያ ነው። የሚመረመረውን ፕሮግራም በፈለጉት መስመር ላይ ያስቆመዋል፣ በዚያች ቅጽበት የያዘውን መረጃ ያሳያል፣ አንድ እርምጃ ብቻ አራምዶ እንደገና ይይዘዋል። አስቸጋሪው ነገር ስሕተቱ ፕሮግራሙ ገና ሲነሣ የሚፈጠር ከሆነ ነው፤ ሰው ዲበገሩን እስኪያገናኝ ድረስ ሁሉም ነገር አልፏል። ስለዚህ «ይህ ፕሮግራም በተነሣ ቁጥር አስቀድሞ ዲበገሩ ይያዘው» የሚል ቅንብር አስፈለገ። ጠቃሚ ነገር ነው። ጣጣው የሚመጣው ምርመራው አልቆ ቅንብሩ ሳይነሣ ሲቀር ነው።

በዊንዶውስ ይህ ቅንብር የሚቀመጠው ሬጂስትሪ በሚባለው የሥርዓቱ መዝገብ ውስጥ፣ «ኢሜጅ ፋይል ኤክስኪዩሽን ኦፕሽንስ» በተሰኘው ክፍል ነው። በዚያ ክፍል ሥር የአንድ ፕሮግራም ፋይል ስም ተጽፎ «ዲበገር» የሚል መስመር ከተጨመረበት፣ ዊንዶውስ ያንን ፕሮግራም በቀጥታ አያስነሣም። በመስመሩ ላይ የተጻፈውን ያስነሣና ዋናውን ፕሮግራም ለእሱ ያስረክባል። ትእዛዙ ያለው ከፕሮግራሙ ውጭ ስለሆነ ፕሮግራሙን አጥፍቶ መጫን ምንም አይለውጥም። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራትም እንዲሁ። ፎርማት ማድረግ በርግጥ ያጠፋዋል፤ ግን ለአንዲት መስመር ሲባል የሰው ፎቶና ሰነድ ሁሉ አደጋ ላይ መውደቁ ያሳዝናል።

ዲበገር የያዘው ፕሮግራም ገና ከመነሻው እንዲቆም ይደረጋል፤ ሞተሩን አስነሥቶ ወያላው «ሳበው!» እስኪለው እንደሚጠብቅ የታክሲ ሾፌር ነው። የዲበገሩ መስኮት ፊት ለፊት ከታየ ፕሮግራመሩ ትእዛዙን ሰጥቶ ይቀጥላል። መስኮቱ ማንም በማያየው ቦታ ሲከፈትስ? ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ከጀርባ የሚሠሩ አገልግሎቶች ተጠቃሚው ከተቀመጠበት ክፍለ ጊዜ (ሴሽን) ተለይተው በራሳቸው፣ ቁጥር 0 በተሰጠው ክፍለ ጊዜ ውስጥ ይኖራሉ። ለአንድ አገልግሎት ዲበገር ከተመደበለት ዲበገሩም የሚነሣው እዚያው ነው፤ መስኮቱን የሚያይ፣ ቀጥል የሚል ሰው የለም። ዊንዶውስ በተለመደው ቅንብሩ 30 ሴኮንድ ይታገሥና አገልግሎቱ መልስ አልሰጠም ብሎ 1053 ቁጥር ስሕተት ያወጣል። ያ ስሕተት ስለ ዲበገር አንድም ቃል አይናገርም።

ዲበገር ተብሎ የተመዘገበው ፕሮግራም ከኮምፒውተሩ ላይ ተሰርዞ ከሆነ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ዊንዶውስ «ፋይሉን አላገኘሁትም» ይላል፤ ፋይሉ ግን ዓይን እያየው እዚያው አለ። የጠፋው የተከፈተው ሳይሆን እንዲይዘው የታዘዘው ነው። ፕሮሰስ ኤክስፕሎረር የተባለው ታዋቂ መሣሪያ ራሱን በታስክ ማናጀር ቦታ የሚተካው በዚሁ መንገድ ነው። ሳይመልሱት ከሰረዙት ታስክ ማናጀር አልከፈት ይላል።

ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። ዊንዶውስ በተለመደው አሠራሩ ቅንብሩን የሚፈልገው በፋይሉ ስም ነውና ፋይሉን ቀድተው ለቅጂው ሌላ ስም ይስጡት። በአዲሱ ስም ከተነሣ ጥርጣሬው ወደዚህ ቅንብር ያዘነብላል። አውቶራንስ የተባለው ነጻ መሣሪያም «ኢሜጅ ሃይጃክስ» በሚለው ገጹ እንዲህ ያሉትን ትእዛዞች ይዘረዝራል። ያላስቀመጡት መስመር ካገኙ በቸልታ አይለፉት፤ ክፉ ሶፍትዌር ጸረ ቫይረሶች እንዳይነሡ ለማድረግ በዚሁ በር ይጠቀማል።

የአንድሮይድ ስልክ ተመሳሳይ ቅንብር አለው። የስልኩን የሥሪት ቁጥር 7 ጊዜ ሲነኩ በሚገለጠው የገንቢዎች ክፍል ውስጥ፣ የተመረጠው መተግበሪያ ዲበገር እስኪያገኘው እንዲጠብቅ ማዘዝ ይቻላል። አንድሮይድ ግን መተግበሪያው ዲበገር እየጠበቀ መሆኑን በስክሪኑ ላይ በግልጽ ይጽፋል፤ ከፈለጉ የሚዘጉበትንም ቁልፍ ያቀርባል። ሁሉም እንዲህ ቢያደርጉ ኖሮ ይህን ምዕራፍ መጻፍ ባላስፈለገ። ሰውን የሚያስጠብቅ ሥርዓት ምን እየጠበቀ እንደሆነ የመናገር ግዴታ አለበት ብዬ አምናለሁ።

የጃቫ ፕሮግራሞች በዊንዶውስ ዝምታና በአንድሮይድ ግልጽነት መሐል ላይ ናቸው። ፕሮግራሙ በሚነሣበት ትእዛዝ ላይ በሚጨመረው የዲበገር መስመር ውስጥ «ሰስፔንድ» የተባለው አማራጭ ዋይ በሚለው ፊደል ሲሞላ፣ ፕሮግራሙ ዲበገር እስኪገናኘው የመጀመሪያ መስመሩን አያስኬድም። «በዚህ በር (ፖርት) ላይ እያዳመጥኩ ነው» የሚል አንድ መልእክት ያትማል፤ የበሩ ቁጥር ብዙ ጊዜ 5005 ነው። ፕሮግራመሩ ፊት ይህ ይበቃል። ሰርቨር ላይ ግን መልእክቱ ማንም በማይከፍተው የመዝገብ ፋይል ውስጥ ይቀበራል፤ የሚቆጣጠረው ሥርዓት ፕሮግራሙ መልስ አልሰጠም ብሎ ይገድለዋል፣ መልሶ ያስነሣዋል፣ ደግሞ ይገድለዋል። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ፦ የዲበገሩ መስመር ሳይነሣ «ሰስፔንድ» የሚለውን ብቻ መሰረዝ አይፈውስም፤ ካልተጠቀሰ ጃቫ እንደ ዋይ ይቆጥረዋልና። ወይ መስመሩን በሙሉ ማንሣት፣ ወይም በዋይ ቦታ ኤን የሚለውን ፊደል መጻፍ ያስፈልጋል።