የደጋ ጓሮ በጥቅምት ሲመዘን

የደጋ ጓሮ ትርፉም ኪሳራውም የሚታየው በጥቅምት ነው። ሐምሌ ላይ ሁሉም አረንጓዴ ነው፤ አረሙ ከአትክልቱ አይለይም፤ በሳምንቱ ምች የሚመታው ድንች እንኳ ለምልሞ ይታያል። መስከረም 26 መፀው ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ ግን የጸናው ከጠፋው ይለያል። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ሰው ባለፉት አምሳ ዓመታት በጓሮው ምን እንዳተረፈና ምን እንደከሰረ ለመቃኘት ይህን ወር የመረጥኩትም ለዚሁ ነው።

መነሻዬ 1967 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ሐምሌ የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 የከተማውን መሬት ለመንግሥት ሲያደርግ፣ አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ ቤቱ እስከ 500 ካሬ ሜትር መያዝ እንዲችል ፈቅዶ ነበር። ስለ አዋጁ የሚባለው ብዙ ነው፤ እዚህ የሚያገባኝ ጓሮው ነው። እንዲህ ባለው ግቢ ቤቱ ጥቂት ቦታ ይይዝና የቀረው ለተክል ይሆናል። ጌሾው አጥሩን ተጠግቶ ይበቅላል፤ ኮባው የእጥበት ውኃ ከሚደፋበት አጠገብ ይተከላል፤ ጤና አዳም ከደጃፍ አይጠፋም፤ በሶብላና ኮሰረት ከጎመኑ መደብ ዳር ይሆናሉ፤ ዱባው አጥሩ ላይ ይወጣል።

ከታሪካችን ሁሉ የተሳካው ጓሮ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። እያንዳንዱ ተክል በቤቱ ውስጥ ሥራ ነበረው፤ ጌሾው ለጠላ፣ ኮባው ለድፎ ዳቦ መጋገሪያ፣ ጤና አዳሙ ለቡና፣ ኮሰረቱ ለቅቤ ማንጠሪያ፣ በሶብላው ለበርበሬና ለሽሮ። ጌሾና ኮባ አንዴ ከጸደቁ ለዓመታት ይቆያሉ፤ ዘር ግዙልኝ፣ መድኃኒት ርጩልኝ አይሉም። እናቶቻችንም የሚቀጥፉት ለዕለቱ የሚበቃውን ያህል ስለነበር ጓሮው ውስጥ የሚበሰብስ ትርፍ አልነበረም።

ከሁሉም ለብቻው ሊወሳ የሚገባው ግን የሐበሻ ጎመን ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት የትውልድ አገሩ የኢትዮጵያ ደጋ መሆኑን ይስማሙበታል፤ ከሰናፍጭና ከጎመን ወገን በተፈጥሮ የተዳቀለ ተክል ነው። ዝናቡ ሲጀምር ይዘራል፤ እህል በሚያጥርባቸው የክረምት ወራት ከሥር ከሥሩ እየተቀጠፈ ቤተሰብ ይመግባል። መስከረምና ጥቅምት ላይ ቢጫ አበባ ያወጣል፤ ታኅሣሥ ሳይወጣ ዘሩ ይደርሳል። ብርድን ይችላል፣ መጠነኛ ውርጭም አይገድለውም። ጎመን ዘሩም ሌላ ሥራ አለው፤ ተወቅጦ ምጣድ ይታሰስበታል። ዑደቱን በሙሉ እዚያው ጓሮ ውስጥ ስለሚጨርስ ለባለቤቱ በየዓመቱ የራሱን ዘር ያስረክበዋል።

ካሮት፣ ቀይ ሥርና ጥቅል ጎመን እንዲህ አይደሉም። የሁለት ዓመት ተክሎች ናቸው፤ አብበው ዘር የሚሰጡት ለሳምንታት የዘለቀ ጽኑ ብርድ ካገኙ በኋላ ነው። የእኛ ደጋ ሌሊቱ ቢበርድም ቀኑ ፀሐይ ስለሆነ በአብዛኛው ሥራቸውን ወይም ጥቅላቸውን ሰጥተው ያለ ዘር ይቀራሉ። ስለዚህ ዘራቸው በብዛት የሚመጣው ከውጭ ነው። ለዓመታት ይህ ብዙ ሰው ያላሰበበት ጉዳይ ነበር፤ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ግን የዘር እሽግ ለመግዛት የቆመ ሁሉ ልዩነቱን ያውቀዋል። ካሮት አትዝሩ አልልም፤ በለስላሳ አፈር ላይ በደንብ ይሆናል። ነገር ግን ጓሮን በተገዛ ዘር ብቻ ማቆም ራስን መቻል ተብሎ ሊጠራ አይገባም።

ትልቁ የኪሳራ ታሪክ የድንችና የቲማቲም ነው። ድንችን ወደ አገራችን ያመጣው ጀርመናዊው የዕፅዋት አጥኚ ቪልሄልም ሺምፐር እንደሆነ ይታወቃል፤ ጊዜው 1850 ዓ.ም. ገደማ ነው። በሰፊው የተለመደው ደግሞ ከክፉ ቀን ረኀብ በኋላ ነበር። የከተማው ጓሮ በደስታ ተቀበለው፤ ችግሩ የሚተከልበት ወቅት ነው። ዝናብ ጣለ ተብሎ ሰኔ ላይ የተተከለ ድንች ቅጠሉ በሚደራበት በሐምሌና በነሐሴ ብርድ፣ ጭጋግና እርጥበት አንድ ላይ ይመጡበታል። የአየርላንድን ድንች ያጠፋው ተሕዋስ እዚህም ያለ ነው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ማሳውን ያጠቁረዋል። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ይህን ለመቋቋም የሠራው ሥራ ሊመሰገን ይገባል። በ1994 ጃለኔን፣ በ1998 ጉደኔን፣ በ2001 በለጤን ለገበሬ አደረሰ። እነዚህ ዝርያዎች ብዙ ቤት አድነዋል። ያም ሆኖ በየሰፈሩ እስከ ዛሬ የሚተከለው ከጉልት ተገዝቶ ያጎነቆለ፣ ምንነቱ የማይታወቅ ድንች ነው፤ ውጤቱም እንደ ዕድል ነው።

ቲማቲም የባሰ ነው። ያው ምች እሱንም ይመታዋል፤ በዚያ ላይ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ በ2004 ዓ.ም. ገደማ አገራችን መግባቱ የተረጋገጠው ቅጠል ሰርሳሪ ትል ተጨመረበት። ትሉ በቅጠሉ ሽፋን ውስጥ ተደብቆ ስለሚበላ ከላይ የሚረጭ መድኃኒት በቀላሉ አያገኘውም። በክረምት ጓሮ ውስጥ ያለ መጠለያ የተተከለ ቲማቲም ሲሳካ ብዙም አላየሁም። ከዝናብ በኋላ፣ በጥቢ፣ ግድግዳ ተጠግቶ ፀሐይ እያገኘ ሲያድግ ግን ሌላ ተክል ይመስላል።

ነገሩ ይህን ያህል ጠባብ ነው፤ ከፊት ምች፣ ከኋላ ውርጭ። የከተማዋ ከፍታ በአቃቂ በኩል ከ2,100 ሜትር ገደማ ተነሥቶ በእንጦጦ ከ3,000 ይበልጣል። ቀዝቃዛ አየር ሌሊት ወደ ዝቅተኛ ሜዳ ስለሚወርድ ሱሉልታን በመሰለ ሜዳ ላይ የኅዳር ውርጭ ድንችን፣ ዱባንና ቃሪያን በአንድ ሌሊት ያደርቃል፤ ተዳፋት ላይ ያለው ጎረቤት ግን ምንም ላይሆን ይችላል። ከሌላ ሰፈር የተቀዳ የተከላ ቀን የማይሠራው ለዚህ ነው። አፈሩም እንዲሁ ነው። ዋልካ ባለበት ሰፈር መደቡ ከፍ ካልተደረገ ሽንኩርትና ካሮት በነሐሴ ውኃ ይታፈናሉ።

ስለ ነጭ ሽንኩርት ሁሉም እንዲያውቀው የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ሥሩን በነጭ ሻጋታ ሸፍኖ የሚያበሰብሰው በሽታ አፈር ውስጥ ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል፤ የሚዛመተውም በታመመ ፍንካችና በአፈር ነው። በሽታው አንዴ በገባበት መደብ ላይ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ መሞከር ገንዘብ ማባከን ነው። ቦታውን ለጎመን ወይም ለባቄላ መስጠት ይሻላል።

ከ1990ዎቹ ማገባደጃ ጀምሮ ኮንዶሚኒየሙ ሲስፋፋ የብዙ ሰው ጓሮ ወደ በረንዳ ጠበበ። ጆንያ፣ ያረጀ ጎማ፣ የተቆረጠ ጀሪካን ሁሉ መትከያ ሆነ። በዚህ የተሳካው ሥሩ ጥልቅ የማይሄደው ነው፤ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ የጥብስ ቅጠልና ጤና አዳም። ዱባና ድንች በረንዳ ላይ ልፋት ብቻ ናቸው።

በ2012 የኮሮና ወረርሽኝ ሰውን ቤት ባዋለው ጊዜ ብዙዎች ወደ ጓሯቸው ዞሩ። በኅዳር 2015 አርባ ምንጭ ላይ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት ደግሞ ዋና ትኩረቱ ወተት፣ እንቁላል፣ የዶሮ ሥጋና ማር ቢሆንም የከተማ ግብርናን ስም አነሣው፤ ዶሮና ጎመን በአንድ ግቢ ማየት ተለመደ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የዶሮው ኩስ ተብላልቶ ማዳበሪያ ይሆናል፤ ትኩሱን ከጣሉት ግን ተክሉን ያቃጥላል። የአቃቂ ወንዝ በፋብሪካና በከተማ ፍሳሽ መበከሉን ተደጋጋሚ ጥናቶች ባሳዩበት ከተማ፣ ምን ውኃ እንደጠጣ የሚታወቅ ሰላጣ መብላት ቅንጦት አይደለም። ድካሙ የሚታየው ከጥር በኋላ ነው። ውኃ በፈረቃ ሲሆን መጀመሪያ የሚቀረው የጓሮው ድርሻ ነው፤ ዝናብ ያጥበው የነበረው የጎመን ክሽክሽም በበጋው ይራባል፤ በሐምሌ በዘመቻ የተከፈተው መደብ የካቲት ላይ ባዶውን ይገኛል።

ስለ ፍራፍሬ ባጭሩ፦ በከተማው ብርድ ከፍሬው ተዘርቶ የበቀለ አቮካዶ ብዙ ዓመት ያስጠብቃል፣ ፍሬውም እናቱን ላይመስል ይችላል፤ የተዳቀለ ችግኝ ይሻላል። አፕል ለጨንቻ ከፍታ ነው።

የኔ ፍርድ ይህ ነው፤ የከተማ ጓሮ ዘመቻ በክረምት በተተከለው ቁጥር ሳይሆን በየካቲት ከመደቡ ወደ ድስት በገባው ይመዘን፤ ለቤተሰብም ከችግኝ በፊት የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ይሰጠው። ጓሮ ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ በዚህ ጥቅምት ከጎመናችሁ ጤነኛና ዘግይተው ያበቡትን ጥቂቶቹን አትቅጠፏቸው። ዘሩ ታኅሣሥ ላይ ሲደርቅ ሰብስቡና በወረቀት ጠቅልላችሁ ደረቅ ቦታ አኑሩት፤ ለሌለው ጎረቤትም ስጡ።