የደመወዝ ግብር ውሳኔና የአሠሪው የይግባኝ መብት

በኢትዮጵያ የገቢ ግብር ሕግ አሠሪ የራሱን ግብር ከመክፈል በተጨማሪ የሠራተኞቹን ግብር ለመንግሥት ሰብስቦ የማስረከብ ኃላፊነት አለበት። በፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ በሠንጠረዥ «ሀ» ሥር የሚመደብ ሲሆን፣ አሠሪው ግብሩን በየወሩ ከደመወዝ ላይ ቀንሶ ገቢ ማድረግ ይኖርበታል፤ ሳይቀንስ ከቀረ ወይም ቀንሶ ካላስረከበ ዕዳው ወደ ራሱ ይዞራል፤ ወለድና አስተዳደራዊ ቅጣትም ይከተለዋል። ግብሩ በመሠረቱ የሠራተኛው ከሆነ፣ አሠሪው የግብር ሰብሳቢውን ውሳኔ ለመቃወም ምን መብት አለው የሚለው ጥያቄም የሚነሣው ከዚህ ነው።

ለጥያቄው መልስ የሚሰጠው የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ነው። አዋጁ «የታክስ ውሳኔ» ከሚላቸው መካከል ተቀንሶ መከፈል ሲገባው ያልተከፈለን ግብር መጠን የሚወስነው ውሳኔ ስለሚገኝበት፣ በዚህ ውሳኔ ዕዳ የተጣለበት አሠሪ በራሱ ስም ቅሬታ ማቅረብና በሕጉ በተዘረጋው ቅደም ተከተል እስከ ፍርድ ቤት ድረስ መከራከር ይችላል።

ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከመደበኛው ደመወዝ ይልቅ በዙሪያው ካሉት ክፍያዎች ነው። የትራንስፖርት አበልና የውሎ አበል እስከ ምን ድረስ ከግብር ነጻ ናቸው፣ ለሠራተኛው የተሰጠ ቤት ወይም መኪና በምን ዋጋ ይሰላል፣ በኮንትራት የሚሠራው ባለሙያ በሕግ ዓይን ተቀጣሪ ነው ወይስ ራሱን የቻለ አገልግሎት ሰጪ፣ የሚሉት ነጥቦች የኦዲተሩንና የአሠሪውን ስሌት ይለያያሉ። አሠሪው የሠራተኛውን ግብር ከራሱ ኪስ ሲሸፍን ደግሞ የሸፈነው ገንዘብ በሠራተኛው ግብር የሚከፈልበት ገቢ ላይ ስለሚደመር፣ በደግነት የተደረገው ነገር ሌላ ዕዳ ሊያስከትል ይችላል። ከዚህም ሌላ በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ከግብር ነጻ የሆነውን ወርኃዊ ገቢ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ስላደረገ፣ የበርካታ ዓመታት ኦዲት ሲደረግ እያንዳንዱ ወር በጊዜው ይሠራበት በነበረው መጣኔ መሰላቱን መርምሮ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ውሳኔውን የሚቃወም አሠሪ በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወሰነው መሥሪያ ቤት ነው። ውሳኔው በደረሰው በ21 ቀናት ውስጥ የተቃወመበትን ምክንያትና ሊስተካከል የሚገባውን ነጥብ ለይቶ በጽሑፍ ያቀርባል፤ ያልተከራከረበትን የግብር ክፍልም መክፈል አለበት። መሥሪያ ቤቱ በ180 ቀናት ውስጥ መልስ ካልሰጠ፣ አሠሪው ከዚያ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ጉዳዩን ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን መውሰድ ይችላል፤ የቅሬታው ውሳኔ ከተሰጠም የይግባኙ ጊዜ እንዲሁ 30 ቀን ነው።

የመብቱ ክብደት የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው፤ በግብር ስሌት ላይ የሚቀርብ ይግባኝ በኮሚሽኑ ዘንድ ተቀባይነት የሚያገኘው አሠሪው ክርክር ከተነሣበት ግብር 50 በመቶውን አስቀድሞ ሲከፍል ብቻ ነው። ወለድና ቅጣት በዚህ ስሌት አይገቡም፤ ስለዚህ ለምሳሌ ክርክሩ በ400,000 ብር ግብር ላይ ከሆነ አሠሪው 200,000 ብር ያስይዛል። በኮሚሽኑ ውሳኔ የሕግ ስሕተት አለ ብሎ ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሲሄድ ደግሞ መጠኑ ወደ 75 በመቶ ያድጋል። ይህ ሥርዓት የመንግሥት ገቢ በክርክር ሰበብ እንዳይጓተት ለመከላከል የታሰበ መሆኑ ግልጽ ቢሆንም፣ በደመወዝ ግብር ረገድ ግን ሚዛኑን የሳተ ይመስላል፤ ምክንያቱም በቅን ልቦና አበሉን ከግብር ነጻ ነው ብሎ ሙሉውን ለሠራተኛው የከፈለ ትንሽ ድርጅት፣ በእጁ ያላስቀረውን ገንዘብ ግማሽ ሳይከፍል አቤቱታው አይሰማለትም። ሥራ የለቀቀ ሠራተኛን ፈልጎ ገንዘቡን ማስመለስም ቀላል አይደለም። ሕግ አውጪው ቢያንስ ለዚህ ዓይነቱ አሠሪ የተለየ መፍትሔ ሊያበጅለት ይገባል።

ውሳኔው ስሕተት መሆኑን የማስረዳት ሸክምም በአሠሪው ላይ ነው። ስለዚህ የቅጥር ውል፣ በየወሩ የተፈረመ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር፣ የአበል መመሪያና የባንክ ማስረጃ የሌለው አሠሪ እውነት ከእርሱ ጋር ብትሆንም ሊረታ ይችላል።

እስካሁን የተገለጸው የፌዴራሉ ሕግ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት ከክልል መንግሥትና ከግል ድርጅት ሠራተኞች የሚሰበሰበው የገቢ ግብር የክልሎች ሥልጣን በመሆኑ፣ በክልል ያለ የግል አሠሪ የሚከራከረው በክልሉ ሕግና በክልሉ አካላት ፊት ነው። ስለሆነም የዕዳ ማስታወቂያ የደረሰው አሠሪ ከሁሉ አስቀድሞ ውሳኔውን የሰጠው የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ ይለይ፤ ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን መዝግቦም በዚያው ሳምንት የሕግና የሒሳብ ባለሙያ ያማክር።