አማትዎ የደም ቋሊማ ቢያቀርቡልዎ ምን ያደርጋሉ?

«ደም ደግሞ ይበላል እንዴ?» ብዬ ጮህኩ። አብሮ አደጌ በሳቅ ፈረሰች። ጀርመናዊ አግብታ ኮሎኝ ከተማ ነው የምትኖረው። ለእረፍት መጥታ ቡና እየጠጣን ጉዷን ዘረገፈችልኝ። ስሜን እንዳታነሺ ስላለችኝ ትቼዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በተጋቡ ሰሞን ባሏ እናቱ ቤት ለምሳ ይወስዳታል። አማት ሽር ጉድ ብለው ክብ ክብ ሆኖ የተቆረጠ ጥቁር ነገር በሽንኩርት ጠብሰው አቀረቡ። ልጅት ጉበት መስሏት ጎረሰች። ጣፈጣት! ልትደግም ስትል ባሏ፣ «የደም ቋሊማ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ነፍሴ ነው» አላት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ በሶፍት እየጠቀለለች ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት ኖረች። አማት ደግሞ ሳህኗ ባዶ መሆኑን ሲያዩ ይጨምሩላታል!

ለመሆኑ ምንድን ነው? የአሳማ ደም ከስብና ከቅመም ጋር ተደባልቆ አንጀት ውስጥ ይሞላና ይቀቀላል። ደም ሲሞቅ እንደ እንቁላል ይረጋል፤ መልኩም ይጠቁራል። እንግሊዞች አጃ ወይም ገብስ ጨምረውበት ለቁርስ ይበሉታል። የስፔኗ ቡርጎስ ከተማ ደግሞ በሩዝ በሚሠራው ትታወቃለች። ደም ቶሎ ስለሚበላሽ፣ ከእርዱ ምንም እንዳይባክን ገበሬው ያገኘው ዘዴ ነው።

ኮሎኞች «ሰማይና ምድር» ከሚሉት ምግብ ጋር ይበሉታል። ሰማዩ ከዛፍ የሚለቀመው ፖም፣ ምድሩ ድንች ነው። ድንቹን ቀቅለው በወተትና በቅቤ ይፈጩታል። ፖሙን ልጠው በጥቂት ስኳር ያበስሉታል። ቋሊማውን በጣት ውፍረት ቆርጠው፣ ዱቄት ነካ አድርገው፣ በመካከለኛ እሳት ሁለቱንም ጎን ይጠብሱታል። አያማስሉትም፤ ይፈረካከሳል። በላዩ ቀላ ያለ የሽንኩርት ጥብስ ጣል ነው። በብረት ማዕድን የበለፀገ ነው፤ ጨውና ስቡ ግን ቀላል አይደለም።

እኛ ዘንድ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ደም አይበላም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 17ም፣ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15ም፣ ቁርዓንም ይከለክላሉ። ቢሆንም «ኤጭ!» ለማለት አንቸኩል። እዚሁ አገራችን ደቡብ ኦሞ ውስጥ ሙርሲዎች የከብት ደም ይጠጣሉ። ጥሬ ሥጋችንስ ለሌላው ምን ይመስላል?

ወደ ልጅቷ ልመልሳችሁ። አንድ ቀን ባሏ ቦርሳዋ ውስጥ ሶፍቱን አገኘው። ያኮረፈው በቋሊማው አልነበረም፤ «ሁለት ዓመት ሙሉ እኔንም እናቴንም አታለልሽን» ብሎ ነው። ለሳምንት አላናገራትም። በመጨረሻ ራሷ አማቷ ዘንድ ሄዳ፣ «እምነቴ አይፈቅድልኝም፤ እንዳይከፋዎት ብዬ ነው» አለቻቸው። ሴትየዋ ዝም ብለው ቆዩና፣ «አንቺ የላክሽልኝን ጥሬ ክትፎ እኮ ለውሻዬ ነው የሰጠሁት» አሏት! ተያይተው በሳቅ ሞቱ። ዛሬ ለእሷ ሰማይና ምድሩ ብቻ ይቀርብላታል፤ ለአማት ደግሞ ክትፎው በደንብ በስሎ ይላካል።

እርስዎም እንዲህ ያለ ገበታ ከገጠመዎ ምግቡ ሳይቀርብ በፊት ለባልዎ ወይም ለሚስትዎ በግልጽ ይንገሩ። «ያስጠላኛል» ሳይሆን «አልበላም» ይበሉ። አጠገቡ ያለውን ግን ጥርግ አድርገው ይብሉ። ሰው የሚቀየመው ምግቡ ሲቀርበት ሳይሆን ሲታለል ነው።