ለቫልቭ አምፕሊፋየራችን ሬዚስተር ስንመርጥ

ዘንድሮ የሳይንስ ክበባችን ለትምህርት ቤቱ ጊታር አነስተኛ የቫልቭ አምፕሊፋየር ሠርቷል። ቫልቭ አያቶቻችን ሬዲዮ ከፍተው እስኪሞቅ ይጠብቁት የነበረው የመስታወት ብልቃጥ ነው። ትራንስፎርመሩ ከባድ ሥራ ይመስለን ነበር፤ ያስቸገረን ግን ከሩዝ ፍሬ ትንሽ የሚበልጥ ሬዚስተር ሆነ። ሦስተኛ ጊዜ ስናበራው ጨሰ።

የጅቡቲ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። በእኛ አምፕሊፋየር ትራንስፎርመሩና ሬክቲፋየሩ ይህን ወደ 300 ቮልት ገደማ ዲሲ ይለውጡታል። ይህ ዲሲ ግን በሴኮንድ 100 ጊዜ ይዋዥቃል፤ በጊታሩ ድምፅ ውስጥ እንደ ጉምጉምታ ይሰማል። ካፓሲተርና ሬዚስተር ተጋግዘው ያለሰልሱታል። ሬዚስተሩ በተጨማሪ ቮልቴጁን ለቀጣዩ ክፍል ይቀንሳል።

ሒሳባችን እንዲህ ነበር። የኢኤል 84 ቫልቭ ስክሪን 5 ሚሊአምፒር ገደማ ይወስዳል፤ የ12 ኤኤክስ 7 ሁለት ግማሾች ደግሞ በግምት አንድ አንድ፣ በድምሩ 7። መቀነስ የፈለግነው 21 ቮልት ስለሆነ፣ 21 ሲካፈል ለ0.007፣ 3,000 ኦም። ሙቀቱም 21 በ0.007 ሲባዛ 0.147 ዋት ብቻ ነው። «ሩብ ዋት ይበቃዋል» ብለን ከአሮጌ ቴሌቪዥን ነቅለን ገጠምን። (ነፃ የንግድ ቀጠናው የጅምላ ቦታ ነው፤ አንድ ሬዚስተር ልግዛ ብሎ መጋዘን ደጃፍ መቆም አይሆንም።)

ኦሙ ትክክል ነበር። የዘነጋነው የማብሪያዋን ቅጽበት ነው። ያን ጊዜ ካፓሲተሩ ባዶ ስለሆነ 300ው ቮልት በሙሉ ሬዚስተሩ ላይ ያርፋል፤ 300 በ300 ተባዝቶ ለ3,000 ሲካፈል 30 ዋት! ከሴኮንድ ክፍልፋይ አያልፍም፤ ቢሆንም ለሩብ ዋት ከባድ ነው። ብዙዎቹ የሩብ ዋት ሬዚስተሮች ደግሞ ከ250 ቮልት በላይ እንዲሸከሙ አልተሠሩም። ቫልቮቹ እስኪሞቁም ስለማይስቡ ካፓሲተሮቹ ሁሉ ሙሉውን ቮልቴጅ ያያሉ፤ ስለዚህ 450 ቮልት የሚችሉትን መረጥን።

የአገሩን ሙቀትም አስቡት። የሬዚስተር ዋት አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው በዙሪያው ያለው አየር እስከ 70 ዲግሪ ድረስ ሲሆን ነው፤ ከዚያ በላይ አቅሙ ይወርዳል። ውጪው ከ40 በሚያልፍበት የጅቡቲ በጋ፣ ቫልቭ አጠገብ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ 70 ሩቅ አይደለም። ስለዚህ ባለ 3 ዋት የሜታል ኦክሳይድ ሬዚስተር ገዝተን፣ ከሰሌዳው ከፍ፣ ከካፓሲተሮቹ ራቅ አድርገን በየድነው።

ወላጆች የሚጠይቁት ስለ አደጋው ነው፤ ልክ ናቸው። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተር ለሞት የሚያደርስ ቮልቴጅ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ 220,000 ኦም፣ 2 ዋት የሆነ ማፍሰሻ ሬዚስተር አገናኘን፤ የእኛን 91 ማይክሮፋራድ በሁለት ደቂቃ ገደማ ያራግፈዋል። ይህም ሬዚስተር ሊበጠስ ስለሚችል፣ መምህራችን በመልቲሜትር ለክተው ካላዩ ክዳኑ ውስጥ እጅ አይገባም።

አሁን የቀረው ትንሽ ጉምጉምታ ነው። እሱ እንኳ ከሬዚስተሩ ሳይሆን ከምድር ሽቦው አቀማመጥ የመጣ ይመስለናል።