በደካ የቀረበልኝ ጥያቄና ጋዶሊኒየም የሚባለው ብረት

ባለፈው ሰሞን ከቦንጋ ተነሥቼ ደካ ድረስ ሄጄ ነበር። የሄድሁበት ጉዳይ የቡና ነገር ቢሆንም፣ በአንድ ግቢ ቡና ሲቀርብልኝ የሰማሁት ጥያቄ የመጣሁበትን አስረሳኝ። የቤቲቱ እመቤት በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። የሚናገሩት ካፊኖኖ ስለሆነ የልጅ ልጃቸው ወደ አማርኛ ይመልስልኝ ነበር። ራሳቸውን አሟቸው አዲስ አበባ ድረስ ተልከው፣ ኤም አር አይ በሚባለው መሣሪያ ውስጥ ሁለት ጊዜ ገብተዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ ክንዳቸውን በመርፌ ተወግተዋል። የመጀመሪያው መርፌ ለሕክምናቸው ነበር። ሁለተኛው ግን «ለጥናት» እንደ ሆነ የተነገራቸው በወረቀት ላይ የአውራ ጣታቸውን አሻራ ካኖሩ በኋላ ነው።

«ልጄ፣ አንተ የተማርህ ነህ ይሉኛል» አሉኝ። «በደሜ ውስጥ የከተቱት ያ ውሃ የመሰለ ነገር አሁን የት ነው ያለው? ወጥቷል ወይስ አለ?»

አንባቢ ሆይ፣ እኔ በዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ተምሬአለሁ፤ ከተመረቅሁም ገና ብዙ አልቈየሁም። ጋዶሊኒየምን የማውቀው ግን በንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ግርጌ ተሰልፈው፣ ለፈተና ከተሸመደዱ በኋላ ከሚረሱት ብረቶች አንዱ መሆኑን፣ ቍጥሩም 64 መሆኑን ነው። ይህ ለእማማ ምን ይረባቸዋል? ስለዚህ በዚያ ቀን እንደ ምንም የመለስሁላቸውን፣ ከተመለስሁም በኋላ መጻሕፍት አገላብጬ ያረጋገጥሁትን እነሆ ለአንባቢም አቀርባለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኤም አር አይ ራጅ አይደለም። የሰውነታችን አብዛኛው ክፍል ውሃ ነው፤ በውሃው ውስጥ ያሉት የሃይድሮጅን አስኳሎች በብርቱ ማግኔት መካከል ሲገቡ ይሰለፋሉ፤ የሬድዮ ሞገድ ሲነካቸው ሰልፋቸው ይፈርሳል፤ ወደ ቦታቸው ሲመለሱም ምልክት ይሰጣሉ። ከዚህ ምልክት ሥዕል ማውጣት እንደሚቻል አሜሪካዊው ፖል ላውተርበር በ1973 አሳየ፤ እርሱና እንግሊዛዊው ፒተር ማንስፊልድም በ2003 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ጋዶሊኒየም ጥንድ የሌላቸው ሰባት ኤሌክትሮኖች ስላሉት ራሱ እንደ ትንሽ ማግኔት ሆኖ በአጠገቡ ያለውን የውሃ አስኳል ቶሎ ወደ ሰልፉ ይመልሰዋል። ከዚህም የተነሣ እርሱ የደረሰበት ስፍራ በሥዕሉ ላይ ያበራል። የጤነኛ አንጎል የደም ሥሮች ቅጥር አያሳልፈውም፤ ዕጢ ወይም የቲቢ ቁስል ያለበት ቦታ ግን ቅጥሩ ስለ ፈረሰ ያስገባዋል፤ ሐኪሙም በሽታውን ከነድንበሩ ያየዋል። ተመራማሪዎችም በዚሁ ይጠቀማሉ፤ ለምሳሌ መልቲፕል ስክለሮሲስ ለሚባለው የነርቭ በሽታ አዲስ መድኃኒት ሲሞከር፣ የሚያበሩት ቁስሎች ማነሳቸው መድኃኒቱ መሥራቱን ከሚያሳዩት መለኪያዎች አንዱ ነው።

ነገር ግን ብረቱ ራቁቱን ቢሰጥ መርዝ ነው፤ በመጠኑ ካልሲየምን ስለሚመስል የካልሲየምን ቦታ ይዞ ሥራውን ያውካል። ስለዚህ በሌላ ሞለኪውል ታስሮ ይሰጣል። ማሰሪያውም ሁለት ዓይነት ነው። ይህን ለእማማ ያስረዳሁት በበቅሎ ጭነት ነው። አንዱ እንደ ገመድ የሚጠመጠም ነው፤ መንገዱ ሲረዝም ሊላላ ይችላል። ሁለተኛው እንደ ቀለበት ዙሪያውን የተዘጋ ስለሆነ በቀላሉ አይፈታም። በ1988 ፈቃድ ያገኘው የመጀመሪያው መድኃኒት፣ ማግነቪስት፣ የገመዱ ዓይነት ነበር።

እንግዲህ የት ሄደ? 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ጋዶሊኒየም አንድ ግራም ገደማ ነው። ኩላሊቱ ደኅና ከሆነ ከመቶው ከዘጠና የሚበልጠው በ24 ሰዓት ውስጥ በሽንት ይወጣል። ከዚያም ወደ ወንዝ ይገባል፤ ሊቃውንት በ1996 በበርሊን አካባቢ ወንዞች ውስጥ አግኝተውታል። ይህን ብነግራቸው «እንግዲያስ የአዲስ አበባ ወንዝም ከእኔ ጋር ታክሟላ!» ብለው ሣቁ።

የቀረው ግን አያሥቅም። ኩላሊታቸው በደከመ ሰዎች ላይ ቆዳን እያደነደነ መገጣጠሚያን የሚያስር በሽታ በ1997 መታየት ጀመረ፤ ምክንያቱ ከዚሁ መድኃኒት ጋር የተያያዘው ግን በ2006 ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሐኪሞች በቅን ልብ ወግተዋል። በ2014 ደግሞ የጃፓን ሐኪሞች፣ ብዙ ጊዜ የተወጉ ሰዎች መርፌ ባልተወጉበት ቀን እንኳ አንጎላቸው ውስጥ የሚያበራ ስፍራ መኖሩን ገለጡ፤ በማግስቱም ዓመት በአሜሪካ የሞቱ ሰዎች አንጎል ተመርምሮ ብረቱ ራሱ ተገኘ። ኩላሊታቸው ጤነኛ የነበረም ነበሩባቸው። ተቀምጦ የቀረው ብረት አንጎልን መጕዳቱ እስካሁን አልተረጋገጠም፤ ቢሆንም የአውሮፓ የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2017 ከገመዱ ዓይነት አብዛኞቹን ከአገልግሎት አገደ።

በበኩሌ ለሕክምና የሚሰጠውን መርፌ አልነቅፍም፤ ዕጢን ሳያዩ ከመቅረት ይህን ታግሦ ማየት ይሻላል። የጥናቱ መርፌ ግን ሚዛኑ ሌላ ነው፤ የሚወጋው አንዱ፣ የሚጠቀመው ምናልባት የነገው ሰው ነው። ለነገው ሰው መስጠት ትልቅ ስጦታ ነው፤ ሰጪው ምን እንደ ሰጠ ካላወቀ ግን ምኑን ስጦታ ሆነ? የመድኃኒቱን ስም፣ የኩላሊት ምርመራ መደረጉን፣ ጥቂቱ በሰውነት ሊቀር መቻሉንም በሚሰሙት ቋንቋ፣ ከአሻራው በፊት መንገር ከአሥር ደቂቃ በላይ አይፈጅም። እኔ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ድረስ ጨርሼአለሁ።

እማማ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቈይተው «የእኔስ የትኛው ነበር? ገመዱ ወይስ ቀለበቱ?» አሉ።

የልጅ ልጃቸው ገባ ብሎ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አመጣ። በአማርኛ የተጻፈ ሁለት ገጽ ነው። ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበብሁት። «ሥዕሉን የሚያጐላ መድኃኒት» ይላል፤ ከግርጌው የእማማ አሻራ አለ፤ የመድኃኒቱ ስም ግን የለም።