የወተት ጥርስ ሕመም እንዴት ይለካል?

በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚኖሩ ሁለት የአምስት ዓመት ሕፃናትን በዓይነ ሕሊናችን እንሳል። ሁለቱም አፋቸውን ከፍተው ለሐኪም ቢያሳዩ በእያንዳንዳቸው አራት አራት የተቦረቦሩ የወተት ጥርሶች ይገኛሉ። በምርመራው መዝገብ ላይ ሁለቱ እኩል ናቸው። ይሁን እንጂ አንደኛው ሌሊት እየባነነ ያለቅሳል፤ ምግቡን በአንድ ጎን ብቻ ያኝካል፤ ቆሎ ቢሰጡት አይነካም፤ እናቱም በእርሱ ሕመም ምክንያት ከፋብሪካ ፈረቃዋ ቀርታለች። ሁለተኛው ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጣ ከስንት አንዴ ፊቱን ከማጨፍገጉ በስተቀር እንደ እኩዮቹ ይበላል፤ ይጫወታል፤ ይተኛል። መዝገቡ ይህን ልዩነት የሚያሳይበት ዓምድ የለውም።

መዝገቡ የሚከተለው ዘዴ ዕድሜ ጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ክላይን፣ ፓልመርና ክኑትሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የተቦረቦሩትን፣ የተነቀሉትንና የተሞሉትን ጥርሶች ቆጥሮ መደመርን እንደ መለኪያ አቀረቡ። ቀላልና በየአገሩ ሊሠራበት የሚችል በመሆኑ እስከ ዛሬ ያገለግላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ 514 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት የወተት ጥርስ መቦርቦር እንዳለባቸው የገመተውም በምርመራ ከተገኙ መረጃዎች በመነሣት ነው። ነገር ግን ቆጠራው ስለ ጥርሱ እንጂ ስለ ልጁ አይናገርም።

«የወተት ጥርስ መውደቁ አይቀርም» በሚል ብዙ ወላጆች ጉዳዩን ቸል ይሉታል። ሃያዎቹ የወተት ጥርሶች ከስድስተኛው ወር ገደማ ጀምረው እስከ ሦስት ዓመት ዕድሜ ገደማ ድረስ ወጥተው የሚያልቁ ሲሆን፣ የኋለኞቹ ማኘኪያ ጥርሶች ግን እስከ 10 እና 12 ዓመት ዕድሜ ድረስ አይለቁም። ኢናሜል የሚባለው ጠንካራ ሽፋናቸው ከቋሚው ጥርስ ይልቅ ስስ ነው። በአፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳርን ወደ አሲድ ሲለውጡና በጥርሱ ገጽ ላይ ያለው ፒኤች ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ ማዕድኑ መሟሟት ይጀምራል። ምራቅ አሲዱን በማለዘብ ጉዳቱን ይጠግናል፤ ሕፃኑ ሲተኛ ግን የምራቅ መጠን በእጅጉ ይቀንሳል። ጣፋጭ ነገር የያዘ ጡጦ አፉ ውስጥ እንደያዘ የሚያንቀላፋ ሕፃን ጥርሶች ፈጥነው የሚጎዱት በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ የልጁን ኑሮ ለመለካት የተዘጋጀ ሌላ መሣሪያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓሄል፣ ሮዚየርና ስሌድ የተባሉ ተመራማሪዎች ከአምስት ዓመት በታች ለሆኑና አምስት ዓመት ለሞላቸው ሕፃናት የሚያገለግል አሥራ ሦስት ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አሳተሙ። በእንግሊዝኛ ስሙ ምኅጻረ ቃል ኤኮሂስ ይባላል። መልስ የሚሰጡት ወላጆች ናቸው። ዘጠኙ ጥያቄዎች ልጁን ይመለከታሉ፤ እነርሱም የጥርስ፣ የአፍ ወይም የመንጋጋ ሕመም፣ ትኩስ ወይም ቀዝቃዛ መጠጥ የመጠጣት ችግር፣ አንዳንድ ምግቦችን የመብላት ችግር፣ ቃላትን የመጥራት ችግር፣ ከትምህርት ወይም ከመዋያ መቅረት፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ መነጫነጭ፣ ከፈገግታ መቆጠብና ከንግግር መቆጠብ ናቸው። የቀሩት አራቱ ስለ ቤተሰቡ የሚጠይቁ ሲሆን፣ እነርሱም መጨነቅ፣ መጸጸት፣ ከሥራ መቅረትና የገንዘብ ጫና ናቸው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከ«በፍጹም» እስከ «በጣም ብዙ ጊዜ» ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣል። ድምሩ ቢበዛ 52 ይሆናል ማለት ነው፤ 36ቱ የልጁ፣ 16ቱ የቤተሰቡ።

ወደ ሁለቱ ሕፃናት እንመለስ። የመጀመሪያው ልጅ እናት ለሕመም 3፣ ለመጠጥ 2፣ ለምግብ 3፣ ለእንቅልፍ 3፣ ለመነጫነጭ 2 ብትሰጥ፣ ለራሷም ጭንቀት 3፣ ለጸጸት 2፣ ከሥራ ለመቅረት 2፣ ለወጪ 3 ብትሰጥ ድምሩ 23 ይመጣል። የሁለተኛው ልጅ ድምር 1 ነው። በጥርስ ቆጠራ እኩል የነበሩት ልጆች አሁን ተራርቀዋል። ለጥቂት ሐኪሞች ብዙ ታካሚ በሚደርስበት ቦታ ማን አስቀድሞ ይታከም ለሚለው ጥያቄ ይህ ልዩነት ትልቅ ትርጉም አለው። እርግጥ ነው፣ አንድ ዓይነት ድምር የተለያየ ሕይወት ሊደብቅ ይችላል፤ ስለሆነም ጠንቃቃ ተመራማሪ ድምሩን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን ክፍል ለይቶ ያያል።

ነገሩ የሚከብደው መጠይቁ ወደ አቃቂ ሲመጣ ነው። በተለመደው አሠራር አንድ ተርጓሚ ወደ አማርኛ ይመልሰዋል፤ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ያላየ ሌላ ተርጓሚ ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ይተረጉመዋል፤ ሁለቱ ይነጻጸራሉ። ሆኖም በትርጉም የተስማማ ጥያቄ በጆሮ ላይ ሌላ ሊሆን ይችላል። «መንጋጋ» የሚለውን ቃል ብንወስድ፣ በአማርኛ አጥንቱንም ማኘኪያ ጥርሱንም ይጠራል፤ ስለዚህ ጠያቂው በእጁ ማመልከት ይኖርበታል። «ከስንት አንዴ»፣ «አንዳንዴ» እና «አልፎ አልፎ» የሚሉት የትኛው ከየትኛው እንደሚበልጥ ለአሥር ሰዎች ቢቀርብ መልሱ አንድ አይሆንም፤ ነጥቡ ግን በቅደም ተከተላቸው ላይ የቆመ ነው። ስለ ጸጸት የሚጠይቀውም በቀጥታ «ጥፋተኛ ነኝ ብለው ያውቃሉ?» ተብሎ ቢቀርብ የችሎት ጥያቄ ይመስላል፤ እናት በማታውቀው ሰው ፊት ራሷን ለመከላከል ትገደዳለች።

ከሥራ መቅረትም እንዲሁ ነው። ለፋብሪካ ሠራተኛ የቀረችበት ቀን በደመወዟ ላይ ይታያል። ጉሊት የምትቸረችር እናት ግን የታመመ ልጇን አዝላ ትወጣለች። «ቀርተው ያውቃሉ?» ተብላ ብትጠየቅ በእውነት «በፍጹም» ትላለች፤ የጠፋው ገበያዋ በ0 ይመዘገባል። በክፍለ ከተማው ከአማርኛ ሌላ አፋን ኦሮሞና ሌሎች ቋንቋዎች የሚነገሩ መሆናቸውም አንድ ትርጉም ብቻ እንደማይበቃ ያስገነዝባል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ልማዳዊው መልስ ነው። «ልጅዎ እንዴት ነው?» ለሚለው ጥያቄ ከአፋችን የሚቀድመው «ተመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ነው። ምስጋናው በዜሮ እንዳይተረጎም ጥያቄው አንድ የተወሰነ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ ትላንት ማታ በቀረበው ራት ላይ፣ ማረፍ አለበት።

መጠይቁ ከተስተካከለ በኋላ ይፈተናል። ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ያችው እናት ስትጠየቅ ተቀራራቢ መልስ መስጠት አለባት። የተቦረቦረ ጥርስ ያላቸው ልጆች ነጥብ ከሌላቸው በልጦ መገኘት ይኖርበታል። የጥያቄዎቹ እርስ በርስ መስማማት ክሮንባክ አልፋ በሚባለው ስሌት ይመዘናል፤ ብዙዎች 0.7ን እንደ መነሻ ይወስዳሉ። ይህ ቁጥር እጅግ ከፍ ሲል ሁልጊዜ የምሥራች አይደለም፤ ጥያቄዎቹ አንዱን ነገር እየደጋገሙ ሊሆን ይችላል።

መለኪያው የማይደርስበትም ቦታ አለ። ከአቃቂ ተነሥቶ ወደ አዳማ ወርዶ ወንጂ የደረሰ መንገደኛ ጥርሳቸው የቡና ቀለም የያዘ ጎልማሶችን ያገኛል። ምክንያቱ በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ የሚገኘው ፍሎራይድ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ጥርሱ ባያምም ፈገግታን ሊያስደብቅ ይችላል። ነገር ግን ይህ ጉዳት በዋናነት የሚታየው በቋሚው ጥርስ ላይ በመሆኑ ለሕፃናት የተዘጋጀው መጠይቅ አያገኘውም። በሌላ በኩል በአገራችን «ግግ» ማውጣት የሚባል ጎጂ ልማድ አለ። ተቅማጥ ወይም ትኩሳት የያዘው ጨቅላ ድዱ ያበጠ ሲመስል ገና ያልበቀለው ክራንቻው ተፈልፍሎ ይወጣል። ድርጊቱ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል፤ ከሥሩ ያለውን የቋሚ ጥርስ ቡቃያም ሊያበላሽ ይችላል። መጠይቁ ከልደት እስከ አሁን ያለውን ጊዜ ቢያጠቃልልም፣ ድርጊቱን እንደ ሕክምና የምታየው እናት ከሕመም ላትቆጥረው ትችላለች።

ታዲያ ልጁ ራሱ ቢጠየቅስ? እ.ኤ.አ. በ2012 በብሪታንያ የታተመ ሌላ መለኪያ ይህንኑ ሞክሯል። የአምስት ዓመት ልጆች ስለ መብላት፣ መጠጣት፣ መናገር፣ መጫወት፣ መተኛትና ፈገግ ስለማለት በሰባት ጥያቄዎች ይጠየቃሉ፤ መልሳቸውንም በፊት ሥዕሎች እየታገዙ ይሰጣሉ። ወላጆችም በተናጠል ይጠየቃሉ። እናት «ደህና ነው» ስትል ልጁ ጣቱን ባዘነው ፊት ላይ ሊያሳርፍ ይችላል። በዚህ ጊዜ ጠያቂው አንዱን በሌላው አያርምም፤ ሁለቱንም እንደተሰጡት ይመዘግባቸዋል።